የስለት ቋጠሮ በባንክ መስኮት

የአባቴ የትውልድ አጥቢያ ከዳባት ወጣ ብሎ ባለ ደጋ ላይ ነው። የቤተ ክርስቲያኑን ክዳን ነፋስ ገልጦት ዝናብ ወደ ውስጥ መግባት ከጀመረ ሁለት ክረምት አልፎ ነበር። ሕዝቡ የቤተ ክርስቲያኑን ባሕር ዛፍ ሸጦ፣ በማኅበርም እያዋጣ ለአዲስ ቆርቆሮ ገንዘብ ሲያሰባስብ ቆየ። ሦስተኛው ክረምት ሊገባ ሁለት ወር ሲቀረው የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት የሚጠብቁት ቄሰ ገበዝ ስልክ ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ ሞልቶልናል። ለወንድምሽ ንገሪልኝ፤ የፊታችን ማክሰኞ ይዘን እንወርዳለን።»

«በምን ይዘው ነው የሚመጡት አባቴ?»

«በጆንያ ነዋ። በምን እንይዘዋለን?»

ታናሽ ወንድሜ በጎንደር አራዳ የአባታችንን የግንባታ ዕቃ መደብር ወርሶ ይሠራል። እኔ በዩኒቨርሲቲ የሒሳብ አያያዝ ተምሬ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ እኖራለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የመደብሩን መዝገብ እይዛለሁ። አዲሱ የግብር ደንብ የወጣ ሰሞን አንቀጾቹን አንድ በአንድ አንብቤ፣ ፍሬ ነገሩን በእጄ ጽፌ ከገንዘብ ሳጥኑ በላይ የለጠፍሁት እኔ ነኝ። ከተወሰነ መጠን በላይ የሆነ ግብይት በባንክ ወይም በስልክ ይፈጸማል፤ ከዚያ በላይ በጥሬ ገንዘብ የተከፈለ ወጪ በግብር ስሌት እንደ ወጪ አይያዝም፤ ሻጩም ሊጠየቅበት ይችላል። የቤተ ክርስቲያኑ የቆርቆሮ ዋጋ ከዚያ ጣሪያ እጅግ የራቀ ነበር።

ይህንኑ ለቄሰ ገበዙ በስልክ አስረዳኋቸው። ገንዘቡን ጎንደር ሲደርሱ ባንክ ገብተን በመደብሩ የሒሳብ ቁጥር ገቢ እንደምናደርገው፣ ከዚያ በኋላ ቆርቆሮው እንደሚጫንላቸው ነገርኋቸው። ስልኩ የሚሠራው ከመንደሩ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ሲወጡ ብቻ ስለ ሆነ የነፋሱ ድምፅ ይሰማኝ ነበር።

«የባሕር ዛፉ ሽያጭ እሺ። የማኅበሩ መዋጮም እሺ። ስለቱንስ?»

«እሱም ከገንዘቡ ጋር ይገባል አባቴ።»

«ይቀላቀላላ።»

ምን ማለታቸው እንደ ሆነ ገብቶኛል። በዚያ አጥቢያ ሰው ሲሳል ገንዘቡን በጨርቅ ይቋጥራል። የለመነው ነገር እስኪፈጸም ድረስ ቋጠሮው አይፈታም፤ በሞሰብ ሥር ወይም በግድግዳ ስንጥቅ ተሸጉጦ ይኖራል። ስለቱ በሰመረ ጊዜ ባለቤቱ ቋጠሮውን እንደ ታሰረ ለቄሰ ገበዙ ያስረክባል፤ እርሳቸውም የሚገዛው ዕቃ ባለበት ቦታ፣ የሰጪውን የክርስትና ስም እየጠሩ በእጃቸው ይፈቱታል። በልጅነቴ ይህ የሚሆነው በአባቴ መደብር የእንጨት ባንኮኒ ላይ ነበር። የዚያን ዘመኑ ገበዝ ቋጠሮ ሲፈቱ አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ ይቆም ነበር። ብሩ ከቋጠሮው ወጥቶ ምስማር ወይም ቀለም ሲሆን ሁሉም በዓይኑ ያያል።

«አይቀላቀልም» አልኋቸው። «እያንዳንዱ ብር ይመዘገባል።»

ያልሁት ነገር በሒሳብ ቋንቋ እውነት ነበር። እርሳቸው የጠየቁኝ ግን በዚያ ቋንቋ አልነበረም፤ ይህንንም እያወቅሁ ነው የመለስሁላቸው።

ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ደረሱ። መንገዱ አንድ ቀን ክፍት፣ አንድ ቀን ዝግ በሆነበት ወቅት ያን ያህል ገንዘብ በአውቶቡስ ይዘው መምጣታቸው አስደንግጦኛል። ብሩን በጤፍ ከረጢት ውስጥ ከተው፣ በላዩ ገብስ ደፍተውበት ነበር። ቋጠሮዎቹን ግን በአንገታቸው ባንጠለጠሏት የቆዳ ማኅደር ውስጥ ለብቻቸው ይዘዋቸዋል። ወንድሜ መስቀል ተሳልሞ ወንበር ካቀረበላቸው በኋላ ወደ እኔ ጠጋ አለ።

«እትዬ፣ ደረሰኙን ከፋፍለን በተለያየ ቀን ብንቆርጠውስ? ሁሉም ከጣሪያው በታች ይሆናል። ሽማግሌውን ባንክ ለባንክ ምን አንከራተተን?»

«አንድ ግዥ ነው። አንድ ደረሰኝ ነው የሚቆረጠው።»

«ሰው ሁሉ እንዲህ እያደረገ ነው እኮ።»

«ሰው ሁሉ በመዝገቡ ላይ የእኔን ፊርማ አያኖርም።»

ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነበር፤ ቄሰ ገበዙ ግን ሰምተዋል። ውኃቸውን ጠጥተው ሲያበቁ ብድግ አሉ። «ሕግ ከሆነ እንሂዳ» አሉ።

ባንኩ ከመደብሩ ሁለት መቶ እርምጃ አይርቅም። ኔትወርክ ሄዶ ስለ ነበር ግማሽ ሰዓት ያህል ተቀምጠን ጠበቅን። ተራችን ሲደርስ የባሕር ዛፉና የመዋጮው ገንዘብ በመቁጠሪያ መሣሪያው አለፈ፤ ገብስ ገብቶበት መሣሪያው ሁለት ጊዜ ቆመ። ገንዘብ ተቀባይዋ የወንድሜ ልጅ ዕድሜ ያላት ወጣት ናት። ፍሬውን በጥፍሯ እያወጣች በወረቀት ላይ አኖረችና ለቄሰ ገበዙ መለሰችላቸው። እርሳቸውም ተቀብለው ከማኅደራቸው ጨመሩት።

ከዚያ ቋጠሮዎቹ ወጡ።

ሠላሳ የሚሆኑ ነበሩ። ከነጠላ ጥለት የተቀደደ አለ፤ ከአቡጀዲ፣ ከሕፃን ልብስ የተቆረጠም አለ። ዝርዝር የተጻፈበት ወረቀት አልያዙም። ጨርቁን አይተው የማን እንደ ሆነ ያውቃሉ። አንዱን አንስተው፣ ስም ጠርተው፣ ከንፈራቸውን አንቀሳቅሰው፣ በጥፍራቸው ይፈቱና በመስኮቱ በኩል ያስገባሉ። ወጣቷ በመጀመሪያ እጇን ዘርግታ ልትፈታላቸው ነበር። ነገሩ ሲገባት እጇን ሰብስባ ጠበቀች። አሥረኛው ላይ ሲደርሱ ከኋላችን የቆመ ነጋዴ ትዕግሥቱ አለቀ።

«አባ፣ ባንክ ነው ወይስ ቅዳሴ?»

ቄሰ ገበዙ ዞር ሳይሉ፣ «ቅዳሴ ቢሆን ቆመህ ታስጨርስ ነበር?» አሉት። ሰልፉ ሳቀ፤ ነጋዴውም አብሮ ሳቀና በግድግዳው ተደገፈ።

ሃያኛው ገደማ የወጣው ጠርዙ ላይ ሰማያዊ ጥለት ያለው የነጠላ ቁራጭ ነበር። ከሌሎቹ ይልቅ ጠብቆ፣ ከጭስ ብዛት ጠቁሯል። ቄሰ ገበዙ ፈገግ አሉ።

«የዚችን ስለት ብታውቂ። ልጇ በመተማ በኩል ሱዳን ወጥታ ቀርታባት ነበር። እዚያ ጦርነት ሲነሣ ሰው ሁሉ ሞታለች ብሎ ደመደመ። እናቲቱ እርም አላወጣም ብላ ኖረች። ዘንድሮ በፋሲካ ማግስት ልጅቱ በእግሯ መጣች። እናቲቱም ይህን ከወገቧ ፈትታ በሁለት እጇ ሰጠችኝ።»

ቋጠሮው በጥፍራቸው እንቢ አላቸው። በጥርሳቸው አላሉት። ከውስጡ የወጡት ስምንት የሃምሳ ብር ኖቶች ነበሩ፤ አራት መቶ ብር። ወጣቷ አንዱን ዘርግታ አየችው፤ ገልብጣም አየችው። በጀርባው የከተማችን ግንብ አለ።

«አባ፣ ይህ የድሮው ብር ነው።»

«አዎ፣ ቆይቷል።»

«ማለቴ… ብሩ ሲቀየር የቀረ ነው። አሁን አይሠራም። የመቀየሪያው ጊዜም ካለፈ ዓመታት ሆኑት።»

ቄሰ ገበዙ አንድ ጊዜ ወደ ወጣቷ፣ አንድ ጊዜ ወደ እኔ ተመለከቱ። ብሩ የተቀየረ ጊዜ አገሩ ሁሉ ከየጓዳው የደበቀውን አውጥቶ እንደ ተሰለፈ አስታውሳለሁ። ይህች እናት ግን ልጇ ሳትመለስ ቋጠሮውን መፍታት አልቻለችም። ሥርዓቱን በትክክል የጠበቀችው እርሷ ነበረች።

ቦርሳዬን ከፈትሁ። አስቤበት አይደለም። ሁለት ባለ ሁለት መቶ ብር አውጥቼ፣ ማንም ሳያይ በስምንቱ ኖቶች ፋንታ በመስኮቱ ልገፋ ስል ቄሰ ገበዙ እጃቸውን በእጄ ላይ አኖሩት።

«ምነው ልጄ?»

«አባቴ፣ ገንዘቡ ትንሽ ነው። እሷ አትወቀው። ስለቷ ደረሰ ማለት ነው።»

«የማን ስለት?»

ወደ ስምንቱ ኖቶች አየሁ።

«ጧት ለደረሰኙ እንቢ ያልሽ፣ ለስለቱ እንዴት እሺ ትያለሽ?» አሉኝ። ቁጣ አልነበረባቸውም። «አባትሽ እንዲህ አድርጎ ያውቃል። ያን ጊዜ ገና ዲያቆን ሆኜ ከገበዙ ጋር እወርድ ነበር። ከአንድ ቋጠሮ የተበጣጠሰ ብር ወጣ። አባትሽ በገዛ ኪሱ ሲተካው አይቼ ዝም አልሁ። ደግ ሰው ነበር፤ ነፍሱን ይማር። እኔን ግን እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል። ያ ሰው ስለቴን አግብቻለሁ እያለ ሞተ።»

ብሩን ወደ ቦርሳዬ መለስሁት። እርሳቸውም ስምንቱን ኖቶች አጣጥፈው በዚያው ጨርቅ መልሰው ቋጠሩ። ወጣቷ የቀሩትን ቋጠሮዎች ብር አንድ በአንድ ተቀበለች። የገቢ ማድረጊያውን ቅጽ ስሞላ፣ አስገቢው በሚለው መስመር ላይ የአጥቢያውን ስም ጻፍሁ። ወዲያው መደብር ለቀረው ወንድሜ በስልኩ መልእክት ደረሰው። አንድ ጆንያ ብር፣ ሠላሳ የሚሆን ቋጠሮና ያ ሁሉ ስም በስልኩ ላይ አንድ አኃዝ ሆኖ ታየ። አራት መቶ ብር ይጎድለው ነበር።

መደብር ስንመለስ ወንድሜ፣ «ተዉት፣ እኔ እሞላዋለሁ» አለ። ቄሰ ገበዙ ግን ያልከፈሉት እንዲቀነስላቸው ጠየቁ። ስለዚህ ከዝርዝሩ የአራት መቶ ብር የክዳን ምስማር ተቀነሰ። ደረሰኙ አንድ ሆኖ ወጣ። ከእጄ ከወጡት ሁሉ ንጹሕ ደረሰኝ እርሱ ነው ብል አልዋሽም፤ ሆኖም ሳጣጥፈው ደስ አላለኝም። ወንድሜ እንዳለው ከፋፍለን ቆርጠን፣ በአባቴ ባንኮኒ ላይ ብንቆጥረው ኖሮ፣ ያችን ቋጠሮ ማን ይፈታት፣ ማንስ በገዛ ኪሱ ይተካት እንደ ነበር አውቃለሁ። ቄሰ ገበዙም ያውቃሉ።

ቆርቆሮው በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ተጫነ። ከጭነቱ ጋር እንድሄድ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ወንድሜን፣ ዕቃው መድረሱን ማረጋገጥ አለብኝ አልሁት፤ እርሱም እንደማያምነኝ በሚገባኝ ሁኔታ እሺ አለኝ። ቄሰ ገበዙ ስለ ብሩ ለባለ ቋጠሮዋ ሴትዮ ገና አልነገሯትም ነበር። ባንክ እንሂድ ያልሁት እኔ ስለ ሆንሁ ከእርሳቸው ጋር ሆኜ ልነግራት ፈለግሁ።

የጭነት መኪናው ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካለው ሜዳ በላይ መውጣት አልቻለም። ወንዶቹ ቆርቆሮውን ሁለት ሁለት እየሆኑ በትከሻ ተሸክመው ይወጡ ጀመር። ሴትዮዋ ከእኔ በዐሥር ዓመት ያህል የምትበልጥ፣ ቀጥ ብላ የምትሄድ ሴት ናት። ከልጇ ጋር ሆነው ለተሸካሚዎቹ ጠላ ይቀዱ ነበር። ቄሰ ገበዙ ወደ ጥድ ጥላ ጠርተው አስቀመጧትና ቋጠሮዋን በእጇ ሰጧት።

ጨርቁን አገላብጣ አየችው። «ምነው ቄሴ? አልተቀበለኝም?»

«እሱማ ተቀብሎሻል። ልጅሽ ያውና ጠላ ትቀዳለች። ያልተቀበለው ባንክ ነው።»

የቀረውን እኔ ነገርኋት። ስለ ብሩ መቀየር፣ ስለ ባንኩ፣ ሌላ ሰው ሊተካው እንደማይገባ ስለ መስማማታችን። ቃላቱን መርጬ፣ ቀስ ብዬ ተናገርሁ።

«መቀየሩንማ ሰምቻለሁ እቴ» አለች። «ጎረቤቱ ሁሉ ጎንደር ሲወርድ አይቻለሁ። ፍቺው አሉኝ። ብፈታት ልጄን የፈታኋት መሰለኝ።»

ቄሰ ገበዙ፣ «እኔን ብትጠይቂኝ ፍቺው እልሽ ነበር» አሉ።

«አውቄ ነዋ ያልጠየቅሁዎ።»

ቄሰ ገበዙ መሬት መሬት አዩ። ልጅቱ ነገሩን ሰምታ እንስራውን አስቀምጣ መጣች። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ የምትናገረው ዝቅ ባለ ድምፅ ነው። ስልኳን ከጉያዋ አወጣች።

«እማዬ፣ አራት መቶ ብር ነው አይደል? እዚህ ውስጥ አለኝ። ጉብታው ላይ ወጥቼ አሁኑኑ ልላክላቸው።»

«አንቺን ነው የተሳልሁት» አለቻት እናቷ። «ራስሽን በገዛ ገንዘብሽ ልትዋጂ?»

ልጅቱ ስልኩን መለሰች። ሴትዮዋ ተነሥታ ነጠላዋን አስተካከለች፤ ቁልቁል ወደ ቤቷ ወረደች። ቄሰ ገበዙና እኔ የቆርቆሮውን ተሸካሚዎች እያየን ተቀመጥን። ስትመለስ በቀኝ እጇ አራት ባለ መቶ ብር ይዛለች። አንዲት ቄብ ዶሮዋን ስትመኝባት ለኖረች ጎረቤቷ ሸጣ ነበር።

«በርካሽ ሸጥሻት» አለቻት ልጇ።

«ጎረቤቴም እንደዚያው ስትል ሰማኋት፤ ግን ዶሮዋን አልመለሰችልኝም።»

ብሩን አልቋጠረችውም። የክርስትና ስሟን ራሷ ጠርታ፣ በሁለት እጇ ይዛ ለእኔ ዘረጋችልኝ። ቄሰ ገበዙን አየኋቸው፤ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው እንድቀበል ፈቀዱልኝ። እኔም ነጠላዬን ከራሴ ላይ ሳብ አድርጌ፣ በሁለት እጄ ተቀበልኋት። ከልጅነቴ ጀምሮ ስንት ገንዘብ ቆጥሬአለሁ፤ ከሰጪው እጅ ሙቀቱ ሳይለቀው የተቀበልሁትን ግን ከዚህ ሌላ አላስታውስም።

«ምስማር እገዛበታለሁ» አልኋት። «ደረሰኙን እልክልዎታለሁ።»

«ደረሰኝ ምን ያደርግልኛል?»

«ገንዘብዎ ምን እንደ ሆነ ይመሰክራል።»

«ምስክርስ አለኝ» አለች፣ ወደ ልጇ ሳትመለከት። «ግን ከላክሽው ስሜን ጻፊበት። አሁን የጠራሁትን።»

አሮጌውን ቋጠሮ በልጇ መዳፍ ላይ አኖረችው። «ይህ ያንቺ ነው። እንዳትፈችው አልልሽም» አለቻት።

ሰኞ ጧት ከሥራ በፊት መደብር ገብቼ፣ አራቱን ባለ መቶ ብር በገንዘብ ሳጥኑ ውስጥ አኑሬ፣ የአራት መቶ ብር የክዳን ምስማር በጥሬ ገንዘብ ሽያጭ ብዬ በሴትዮዋ የክርስትና ስም ደረሰኝ ቆረጥሁ። በግድግዳው ላይ በለጠፍሁት ወረቀት መሠረት ይህን ያህል ገንዘብ በእጅ መቀበል አይከለከልም። ወንድሜ ከትከሻዬ በላይ አንገቱን አስግጎ አነበበው።

«ይህ የማን ስም ነው? በመታወቂያዋ ላይ እንዲህ አይሆንም እኮ።»

«አይሆንም።»

«አንቺ ነሽ እንዲህ የምትጽፊው?»

«እኔ ነኝ» አልሁት። ምስማሩን ከደረሰኙ ጋር ለአውቶቡስ ረዳቱ ሰጠሁት።

ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ ጎንደርም ሌሊቱን ሲዘንብባት አድሮ፣ ቄሰ ገበዙ ከጉብታቸው ላይ ሆነው ደወሉ። ነፋሱ ዛሬም አብሯቸው ነበር።

«ዘንቦ አደረ ልጄ።»

«አፈሰሰ?»

«በስተምሥራቅ አንድ ቦታ ብቻ ጠብ ጠብ ይላል። ሴትዮዋ ከቅዳሴ በኋላ መሰላል አሲዛ፣ ሰው አስወጥታ አስመረመረች። ቀዳዳው የቆርቆሮው ነው፤ የምስማሩ አይደለም።» ቀጥለውም፣ «ለወንድምሽ እንዳትነግሪው» አሉኝ።

አልነገርሁትም።